ለጎረቤት የሚሸጠው መብራት ሒሳቡ ለሕዝብ ይውጣ

ኤሌክትሪክ ለጎረቤት አገሮች መሸጡን አንቃወምም። ለጅቡቲና ለኬንያ የሚሄደው ኃይል ዶላር ያመጣል፤ የዶላር እጥረት ምን እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ በስንት ተሸጠ? በየትኛው ሰዓት? ገንዘቡስ የት ገባ?

የኬንያን ውል እንመልከት። ሽያጩ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር 200 ሜጋዋት፣ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ ውሉም የ25 ዓመት ነው። ኤሌክትሪክ ግን እንደ ጤፍ በጎተራ ተከማችቶ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠበቅ ሸቀጥ አይደለም። ሌሊት ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ናይሮቢም አዲስ አበባም ይሻሙበታል። በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት፣ ዋጋ እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ የሚልበት የጋራ ገበያ ለመክፈት ሲሠራ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ገበያ የምሽቱን ኃይል በሌሊት ዋጋ የሚሸጥ ይከስራል።

የከተማው ነዋሪስ? ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኖበታል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት ዛሬም ምጣዱ ሲግል መብራት ይጠፋባታል። ጉድለቱ ያረጀ መስመርና ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ነው።

ስለሆነም ብንመረጥ የውጭ ሽያጩን ውል፣ ዋጋና ገቢ በየዓመቱ ለምክር ቤት አቅርበን በጋዜጣ እናወጣለን። ከዶላሩ ላይ ለከተሞች ማከፋፈያ መስመርና ትራንስፎርመር የሚውለው ድርሻ በሕግ ይወሰናል። የምሽትና የሌሊት ዋጋ ያልተለየበት አዲስ የውጭ ውልም አንፈርምም።