ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ቱታህን ልበስ

ወገኔ፣ ዛሬ የማወራህ ስለ ናፍጣ ሞተር ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ነካው?" ብለህ ከማለፍህ በፊት አምስት ደቂቃ ስጠኝ።

እኔም እንዳንተ ተመራቂ ነኝ። ጋዋን ለብሻለሁ፣ ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ቤተሰብ ያለውን አሟጦ ደግሶልኛል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቀዋለህ። ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ማታ የቴሌግራም ቻናል፣ "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" የምትለዋ መስመር ጋ ስትደርስ ስልኩን ፍራሽ ላይ መወርወር። ከክረምት ወዲህ ግን አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ እየዋልኩ ሙያ እየለመድኩ ነው። ደሞዝ የለም፣ ምሳ ብቻ። እናቴ ጎረቤት ስለኔ ሲጠይቃት "ፕሮጀክት ላይ ነው" ትላለች። አልፈርድባትም።

እስቲ አንድ ነገር አስብ። የዚህች አገር የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ባቡር ቢኖርም አብዛኛውን ጭነት የሚያመላልሰው ከባድ መኪና ነው። ገበሬው የሚጠብቀው ማዳበሪያ፣ ማደያ የምንሰለፍለት ነዳጅ፣ ሁሉም ጎማ ላይ ነው ያለው። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ሚሌ አካባቢ፣ በዚያ ሐሩር ሲቆም፣ ሾፌሩ ጥላ ፍለጋ መኪናው ስር ይተኛል። የሚጠብቀው መግለጫ አይደለም፣ መካኒክ ነው። እኛ ስለ አገር ቀን ከሌት የምናወራ ልጆች ግን እዚያ ቦታ የለንም።

ሥራው ጉልበት ብቻ ይመስልሃል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በፒስተን ተጨምቆ ሲግል ናፍጣው ይረጭበትና በራሱ ይቀጣጠላል። ይሄን ፊዚክስ ላይ ተምሬዋለሁ። ጭሱን ማንበብ ያስተማረኝ ግን ጋራዡ ነው። ጥቁር ጭስ ሲሆን አየሩ አንሷል ወይ ናፍጣው በዝቷል፤ ሰማያዊ ሲሆን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻውን ጠርጥር።

ፍሬን ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። ሸራው ካለቀ ወይም በልኩ ካልተስተካከለ፣ አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ይግልና ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ መኪና ስር ተኝቶ ያንን ሸራ በትክክል የሚያስተካክል እጅ፣ ከፊት ያለውን አውቶቡስ ተሳፋሪም ያተርፋል። በየዜናው "የፍሬን ብልሽት" ሲባል ስንሰማ ማዘን ብቻ አይደለም፣ ማን ነበር የሚፈትሸው ብለን እንጠይቅ።

እና የተማርከው ከንቱ አይቀርም። የአሁኖቹ ሞተሮች በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። እኔን የሚያስተምሩኝ ጋሼ ድምፁን ሰምተው ብቻ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ያውቃሉ። ስካነሩ ላይ ኮድ ሲመጣ ግን "ና እስቲ ዲግሪ፣ አንብብልኝ" ይሉኛል። እኔ ኮዱን አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው የትኛው ኮድ እንደሚዋሽ ይነግሩኛል። አንድ ቀን ኮዱ ሴንሰሩን ሲከስ፣ ጥፋቱ አይጥ የበላችው ሽቦ ሆኖ ተገኘ። የሳቸው ጆሮና የኛ ንባብ ካልተገናኙ፣ እሳቸው ሲያርፉ ሙያውም አብሮ ይቀበራል።

ታዲያ ምን ያዘን? ሐፍረት ነው። ብረት የሚሠራውን "ቀጥቃጭ" እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። መኪናዋን ተቀበልን፣ አዋጁን ረሳን። ዛሬም "ተመርቆ ግራሶ ሊቀባ" የምንባለው ለዚህ ነው።

ነገ ሀብታም ትሆናለህ አልልህም። ቀላልም አይደለም። እጅህ ይቆስላል፣ ጀርባህ ይጎብጣል፣ የሚያላግጥብህ አይጠፋም። ስለዚህ ምክሬን ስማ፦

ቴክኒክና ሙያ ከመመዝገብህ በፊት ወርክሾፑን አሳዩኝ በል። የከባድ መኪና ሞተር ፈትተህ የምትገጥምበት ከሌለ፣ ወረቀት ብቻ ነው የምትይዘው። ወረቀት ደግሞ አለህ።

ጎን ለጎን ጋራዥ ግባ፣ ከዚያ የብቃት ምዘናውን ተፈተን። ክሪክ ብቻ አምነህ መኪና ስር እንዳትገባ፤ መደገፊያ ሳይደረግ "ቶሎ በል" ቢሉህም እምቢ በል።

እህቴ፣ ይሄ ላንቺም ነው። ስካነር ጾታ አይጠይቅም።

ጋራዥ ላላችሁ ወገኖቻችንም አንድ ቃል፦ ልጁን ዓመት ሙሉ በምሳ ብቻ አታሠሩት። ጓንትና የትራንስፖርት ብር ስጡት። በነጻ የሚያገለግል ልጅ ሙያውን ሳይጨርስ ጥሎ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፍሪሲዮን ብቻዬን ቀየርኩ። ጋሼ መኪናውን ነድተው ዞሩና ሲመለሱ ምንም አላሉም፣ ቁልፉን ብቻ ሰጡኝ። ማታ በቱታዬ ቤት ገባሁ። እናቴ እጄን አየችና ውሃ አሞቀችልኝ። ጎረቤት ዳግም ሲጠይቃት ምን እንደምትል እንጃ። እኔ ግን ከአሁን በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መካኒክ ነኝ፣ እየተማርኩ ነው።

አንተስ? ነገ ጠዋት የት ነህ?