ለበዓለ ልደት የሚሆን ብስኩት

የገና በዓል ሲቃረብ ለልጆቻቸው ብስኩት የሚጋግሩ እመቤቶች፥ በስኳር ፈንታ ማር ቢገባ ጉዳት የለውም ሲሉ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የማርን ጣፋጭነት ከስኳር ለይቶ አላየውም። ይልቁንም ዓመት ላልሞላው ሕፃን፥ ማር በብስኩት ውስጥ ተጋግሮ እንኳ ቢሆን፥ ከቶ ሊሰጠው አይገባም፤ ሕፃኑን በብርቱ የሚያሳምም ረቂቅ ተሕዋስ የምድጃውን ሙቀት ተቋቁሞ ሊቀር ይችላልና።

ስለዚህ ተምር ይሻላል። ከዘሩ ተለይቶ በሙቅ ውሃ ከተዘፈዘፈ በኋላ እስኪልም ይፈጭ፤ ጣፋጭነቱ ከነአሰሩ ይገባል፤ እርሱም ቢሆን ጥቂት ይበቃል። ዱቄቱ እኩሌታው ጤፍ፥ እኩሌታው ስንዴ ይሁን፤ ጤፍ ብቻውን ሊጡን አያያይዝምና ይፈረካከሳል። በጾሙ ወራት ለሚጋገረው በቅቤ ፈንታ የሱፍ ዘይት መልካም ነው፤ የኑግ ዘይትስ ሽታው ሌላውን ጣዕም ይውጠዋል። ተምር ያለበት ሊጥ ፈጥኖ ያርራልና ዳር ዳሩ ቀላ እንዳለ ከምድጃው ይውጣ።