መሪውን ስጣት!

ከፓሪስ የጻፍክልን ሙሽራ፣ ደብዳቤህ ደርሶናል። ለጫጉላችሁ ሬዩኒየን ደሴትን በኪራይ መኪና ልትዞሩ ነው። አንተ ግን ገደል ስታይ ያዞርሃል፤ ለሚስትህ መንገር ደግሞ አፍረሃል።

ወንድሜ፣ ወደ ሲላኦስ የሚወጣው መንገድ ከ400 በላይ ኩርባ አለው! አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ዋሻም አለ። እዚያ ላይ ጀግና ነኝ ብትል እሷንም ይዘሃት ነው ገደል የምትገባው። መንጃ ፈቃድ አላት ብለሃል አይደል? በቃ፣ ሳትነሱ ንገራትና መሪውን ስጣት። ትስቃለች? ትሳቅ!

አንተ ደቡብ ምሥራቁን የባሕር ዳርቻ ንዳ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከእሳተ ገሞራው የወረደው ቅልጥ አለት እዚያ ዋናውን መንገድ ቆርጦ ባሕር ገብቷል። አሁን አስፋልቱ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያልፋል፤ እንደ ሲላኦስ አያስፈራም። ፎቶ ተነሡ። ለእናትህ የምትልከው መሪ ይዘህ የተነሣኸውን ይሁን።