አሮጌዋን ጎልፍ ካርት ስናድስ፦ ከመፍጠን በፊት መቆም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጋሪ ነው። ጋሪ ስላችሁ የደብረ ዘይቱን፣ ፈረስ የሚጎትተውን እንዳይመስላችሁ። በባትሪ ስለምትሄደው ጎልፍ ካርት ነው። "እኛና ጎልፍ ምን አገናኘን?" የሚል አይጠፋም። ጨዋታውን ለሚችሉት እንተውላቸውና፣ ጋሪዋ ግን ወደኛም ሰፈር ደርሳለች።

በዚሁ በአትላንታ አካባቢ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የመኪና ማቆሚያው ከታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከዳገቱ ላይ ነው። በስቅለት ዕለት ሲሰግዱ የዋሉ እናቶች ጉልበታቸው ዝሎ ያንን ቁልቁለት ሲወርዱ ማየት አንጀት ይበላል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው አባላት መከሩና አንዲት አሮጌ ጎልፍ ካርት በርካሽ ገዙ። ሁለት እሑድ አገለገለች፤ በሦስተኛው አልንቀሳቀስ አለች። "ባትሪዋ ሞቷል" ተባለ። ገንዘብ ተዋጣ፣ ስድስት አዳዲስ ባትሪ ተገዛ። ጋሪዋ አሁንም እምቢ! እኔ የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌዎቹ ባትሪዎች አንድ በአንድ ሳይለኩ ለሱቁ ተመልሰዋል፤ ደህና ይሁኑ አይሁኑ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጥፋቱ የተገኘው ሶሌኖይድ በምትባል፣ በመዳፍ ውስጥ በምትገባ ዕቃ ላይ ነበር።

ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አሮጌ ጎልፍ ካርት ገዝቶ በጋራዡ ለማደስ የሚያስብ ወገን እየበዛ ስለሆነ ነው። የምንኖርበት አገርም ለዚህ ይመቻል። ኢዚ-ጎ የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው በዚሁ በጆርጂያ፣ በኦገስታ ከተማ ሲሆን፣ መሥራቾቹም ቤቨርሊና ቢሊ ዶላን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ተፎካካሪው ክለብ ካርም እዚያው ኦገስታ አካባቢ ነው የሚሠራው። ከአትላንታ በስተ ደቡብ ያለችው ፒችትሪ ሲቲ ደግሞ ከ100 ማይል በላይ የጎልፍ ካርት መንገድ አላት፤ ነዋሪው ገበያም ትምህርት ቤትም የሚሄደው በእሷ ነው። በመሆኑም አሮጌዋም ሆነች መለዋወጫዋ በቅርብ ይገኛል።

ልትገዙ ስትሄዱ ከቀለሙ በፊት ወንበሩን አንስታችሁ ከሥር ያለውን ብረት እዩ። የኢዚ-ጎ ሻንሲ ብረት ስለሆነ ከባትሪ የሚፈስ አሲድ ይበላዋል። የክለብ ካር ሻንሲ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረት አይዝግም። ባትሪ ይለወጣል፣ ጎማ ይለወጣል፤ የተበላ ሻንሲ ግን ትርፉ ድካም ነው።

ወደ ሥራው ስትገቡ መጀመሪያ ቀለበት፣ ሰዓትና ከብረት የተሠራ የአንገት መስቀል ይውለቅ። የባትሪን ሁለት ጫፍ የነካ ብረት በቅጽበት ይግላል፣ ሥጋም ያቃጥላል። የመፍቻችሁን እጀታ በፕላስተር ጠቅልሉ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ጋሪዋ "ቶው" የሚል ማብሪያ ካላት ወደዚያ አዙሩት። ማንኛውንም ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ዋናውን የኔጋቲቭ ገመድ ቀድማችሁ ፍቱ፤ ስትመልሱ ደግሞ የመጨረሻው እሱ ይሁን። በባትሪዎቹ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፤ ነገር ግን የባትሪው ክዳን ተከድኖ ይሁን።

ባለ 36 ቮልት ጋሪ ባለ 6 ቮልት የሆኑ ስድስት ባትሪዎች አሏት። ቻርጅ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰዓት አሳርፉና እያንዳንዱን ለብቻው ለኩ። ጤነኛው 6.3 ወይም 6.4 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አምስቱ እንዲህ ብለው አንዱ ከ6 በታች ከወረደ ሕመምተኛው እሱ ነው። ያረጁ ባትሪዎች መካከል አንድ አዲስ ማስገባት ግን አይመከርም፤ አሮጌዎቹ አዲሱን ወደራሳቸው ይጎትቱታል። ቻርጀሩ አልነሳ ካለም ቶሎ አትጣሉት፤ ባትሪዎቹ ከመጠን በላይ ሲወርዱ ብዙ ቻርጀር በራሱ አይጀምርም። ለባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግም ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ የጋራዡ በር ይከፈት፣ ሲጋራና እሳት አይቅረቡ።

ሶሌኖይዱን ለመመርመር የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ በማቆሚያ ላይ አሳርፉ፤ የፊቶቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያዙ። ቮልት መለኪያውን በሁለቱ ትልልቅ ብሎኖች ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉን በትንሹ ብቻ እርገጡ፤ ጎማ በአየር ላይ እያለ አጥብቆ መርገጥ ሞተሩን ከልክ በላይ ያበረዋል። "ቀጭ" የሚል ድምፅ ከተሰማ በኋላ መለኪያው ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። 36 አካባቢ ካልወረደ፣ ሶሌኖይዱ ይጮኻል እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ነው። የኛዋ ጋሪ በሽታ ይኸው ነበር። ምርመራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ጋሪዋ ዳነች፤ ከዚያ ሌላ ክርክር ተነሳ። ወጣቶቹ "ወደ 48 ቮልት እናሳድጋት፣ ትብረር!" አሉ። ይቻላል። ቮልቱ ከ36 ወደ 48 ሲያድግ ፍጥነቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ግን ሶሌኖይዱ፣ ኮንትሮለሩና ቻርጀሩ ለዚያው ቮልት የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ሞተሩም መቻሉ መታወቅ አለበት። እኔ የጠየቅኋቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ማን ነው የሚሳፈረው?" ሁሉም ዝም አሉ። የብዙዎቹ ጎልፍ ካርቶች ፍሬን ያለው በኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። የኛዋን አራት ጎልማሶች ተሳፍረውባት በዚያ ቁልቁለት ብንሞክራት፣ ፍሬኑ ተረግጦ እንኳ ተንሸራታ ከታሰበው ቦታ ብዙ አልፋ ቆመች። ከዚያ በኋላ "ትብረር" ያለ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ማሻሻያው በሌላ በኩል ሆነ። የፍሬኑ ሸራ ተለወጠ፣ ኬብሉ ተስተካከለ። ቀጫጭኖቹ የባትሪ ገመዶች በወፋፍራም ተተኩ፤ ቀጭን ገመድ ዳገት ላይ ይግላል፣ ጉልበትም ይበላል። ወደ ኋላ የዞረው መቀመጫ መያዣና ቀበቶ ተገጠመለት፤ ኩርባ ላይ ሰው የሚወድቀው ከዚያ ነውና። ለሌሊት ቅዳሴ መብራት ተጨመረ፤ እሱም 36ቱን ወደ 12 ቮልት በሚያወርድ መሣሪያ በኩል እንጂ ከአንድ ባትሪ ብቻ ተስቦ አይደለም።

ሊቲየም ባትሪ የሚያስቡም አሉ። ስድስቱ የእርሳስ ባትሪዎች ከ350 ፓውንድ በላይ ሲመዝኑ የሊቲየሙ ክብደት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ውሃም አይጠይቅም። ሆኖም የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል፣ ከውሃ መርጊያ ነጥብ በታች በሆነ ብርድም ቻርጅ ሊደረግ አይገባም። የአትላንታን ጥር የምታውቁ ይህን አትርሱ።

ሕጉንም እንወቅ። ከ1998 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ከ20 እስከ 25 ማይል በሰዓት የሚሄድ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል፤ የፊት መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ የመታጠፊያ ምልክት፣ መስታወትና ቀበቶ ይጠየቅበታል። ወደ ሕዝብ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የከተማችሁን ጽሕፈት ቤት፣ ለግቢም ቢሆን ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ።

በዘንድሮው የትንሣኤ ሌሊት ጋሪዋ ስትመላለስ አየኋት። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል፣ ጧፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ነጂው ልጅ ቁልቁለቱ ራስ ላይ ሲደርስ ፍሬኑን ቀደም ብሎ ያዘ። "ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ቀስ በል" አሉት። አሮጌ ጋሪ የምታድሱ ሁሉ፣ መጀመሪያ መርምሩ፣ ቀጥሎ ማቆሚያዋን አስተማምኑ፤ ፍጥነቱ ይደርሳል።