አምስት ኤከር ደረቅ ሣር

ኮሎራዶ ካለችው ከአውሮራ ከተማ ተነስተን በ285 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ስንወጣ፣ ወዳጄ ስልኩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። አምስት ኤከር፣ «የተራራ ራንች»፣ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ፣ ቀሪው በየወሩ ለሻጩ። ጠቅላላ ዋጋው ከሚነዳት አሮጌ ቶዮታ ያንሳል። «አምስት ኤከር ስንት ጥማድ ይሆናል?» አለኝ። ሁለት ሄክታር ገደማ ነው፣ ስምንት ጥማድ ቢሆን ነው አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አባቴ እንኳ ስድስት ነበር ያለው» አለ።

የምናቋርጠው የኬኖሻ ተራራ ማለፊያ እኛ አገር ቢሆን ኬኖሻ በር ይባል ነበር፤ እንደ ጣርማ በር ማለት ነው። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ መንገዱ ይታጠፍና ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሜዳ ከሥር ድንገት ይዘረጋል፤ ዳር ዳሩ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ መሐሉ እስከ ዓይን ማለቂያ ሣር። መንዝን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲቆም አንድ ነገር ደረቱ ላይ ይነሳል። ወዳጄ መኪናዋን አስቁሞ ወረደ፤ ነፋሱ ኮፍያውን ወሰደበት፤ አልተከተለውም።

ከሃርትሰል ከተማ (ከተማ ካልናት) አልፈን የጂፒኤሱ ቀስት የጠቆመን ቦታ ስንደርስ ግን መንገድ አልነበረም። ካርታው ላይ ስም የተሰጠው መንገድ አለ፤ መሬቱ ላይ ያለው ሣር ብቻ ነው። አራት መቶ ሜትር ያህል በእግር ሄደን ብርቱካናማ ሪባን የታሰረበት የብረት ችካል አገኘን። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ፣ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይኼ ጤፍ አያበቅልም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ አሁን ሳይስቅ፣ «ግን የራሴ ነው» አለ።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚህ አረፍተ ነገር ጋር ነው። የእኛ ትውልድ መሬትን የሚገዛው ከታሪክ ጋር ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆነ፤ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ያለን ይዞታ ነው። ስለዚህ አሜሪካ የመጣ ሰው «መሬት ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ ሲያይ የሚሸጠው ነገር ሙሉ ይመስለዋል፦ ከላይ እስከ ሰማይ፣ ከታች እስከ ዓለቱ። ኮሎራዶ ውስጥ፣ በተለይ ተራራ ላይ፣ እንዲህ ያለ ሙሉ ነገር ለገበያ አይወጣም። መሬቱ ከሚሸጡት ነገሮች ሁሉ ርካሹ ነው። ዋጋ ያላቸው ውሃው፣ መንገዱና ጎረቤቶች እርስ በርስ የተዋዋሉት ውል ናቸው፤ እነዚህ ሲጎድሉ ኤከሩ ይረክሳል። ማስታወቂያው «ርካሽ» የሚለው የቀረው ሒሳቡ ገና ያልተጠራ መሬትን ነው።

ከውሃው ልጀምር። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የኮሎራዶ ሕግ ከወንዝ ዳር መቀመጥን ከምንም አይቆጥረውም። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1882 ኮፊን ከሌፍት ሃንድ ዲች ኩባንያ ጋር በተከራከረበት ጉዳይ እንዳጸናው፣ ውሃው ቀድሞ ቀድቶ ሥራ ላይ ላዋለው ሰው ነው፤ ወንዙ በደጅህ ቢያልፍም ተራህ እስኪደርስ ታየዋለህ እንጂ አትነካውም። ተራው ደግሞ በዓመት ተመዝግቧል። በደቡብ ኮሎራዶ ሳን ልዊስ ከተማ ያለው የሕዝብ ቦይ ከ1852 ጀምሮ የመጀመሪያውን ተራ ይዟል፤ ቆፋሪዎቹ ከኒው ሜክሲኮ የመጡ ስፓኒሽ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ከ170 ዓመት ሰልፍ ጀርባ ይቆማል።

የከርሰ ምድር ውሃም ከዚህ ሰልፍ አያመልጥም። ሳውዝ ፓርክ ባለበት በሳውዝ ፕላት ተፋሰስ ውሃው ካለው በላይ ተከፋፍሏል። ስለዚህ ከ35 ኤከር በታች ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፈቃድ «ለቤት ውስጥ ብቻ» የሚል ነው፦ ለማብሰያ፣ ለመታጠቢያ፣ ለመጸዳጃ። ጓሮ ውስጥ አንድ መደብ ቆስጣ ማጠጣት አይቻልም፤ አንድ በግ ማጠጣትም እንዲሁ። ልብ በሉ፣ ማስታወቂያው «ራንች»፣ የከብት ማርቢያ ነው የሚለው! ለነገሩ ከዴንቨር አየር ማረፊያ አጠገብ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ሰፈርም ግሪን ቫሊ ራንች ነው የሚባለው፤ እዚያ ያየሁት ትልቁ እንስሳ የጎረቤቴ ውሻ ነው። ቃሉ ኮሎራዶ ውስጥ ለግጦሽ ከመዋል ለሽያጭ መዋል ከጀመረ ቆይቷል።

35 ቁጥሩ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ በ1972 የወጣ ሕግ ነው የፈጠረው። በሕጉ መሠረት 35 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆነ ቁራሽ ከአውራጃው የመሬት ሽንሸና ቁጥጥር ነፃ ነው፤ ባለመንጋው ርስቱን በ35 በ35 ቆርጦ ሲሸጥ ማንም «መንገዱስ? ውሃውስ?» ብሎ አይጠይቀውም። ለ35 ኤከር የሚሰጠው የጉድጓድ ፈቃድም ሰፊ ሊሆን ይችላል፦ እስከ ሦስት ቤት፣ እስከ አንድ ኤከር ጓሮ፣ የቤት እንስሳትም ጭምር። 35 ኤከር 14 ሄክታር፣ በእኛ ልማድ የጋሻ ሲሶ ገደማ ነው። በአምስቱና በሠላሳ አምስቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የስፋት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው በጉን ረስቷል።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ በመኪና ውስጥ ሳስረዳው የሰማኝ በግማሽ ልብ ነበር። ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። ሃርትሰል አቅራቢያ ስፒኒ ማውንቴን የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፤ በ1981 ተጠናቀቀ፤ ባለቤቱ የአውሮራ ከተማ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አውሮራና ሌሎች ከተራራው ሥር ያሉ ከተሞች ከሳውዝ ፓርክ ባለ ራንቾች የውሃ መብታቸውን ገዙ። መስኖ ቀረ፤ የሣር ማሳው ወደ ደረቅ ግጦሽ ተመለሰ። በእነዚያው አሥርተ ዓመታት የሳውዝ ፓርክ መሬት በየአምስት ኤከሩ እየተቆራረጠ ለከተሜ ቀረበ። «እንግዲህ» አለ ወዳጄ፣ የውሃ ፕላስቲኩን ከፍ አድርጎ እያየ፣ «የዚህ መሬት ውሃ ጠዋት ቤቴ ቧንቧ ላይ የሞላሁት ነዋ።» በትክክል እንደዚያ ነው። ውሃው አውሮራ ወርዷል፤ የቀረውን ሣር ነው እየሸጡለት ያሉት።

እናቱ ጎጃም ናቸው። መሬት ሊገዛ እንደሆነ በስልክ ሲነግራቸው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ውሃው የማን ነው? እሱም ቢሆን መልሱ የመዝገብ ቁጥር መሆኑን እንዴት ብሎ ያስረዳቸው?

መንገዱ ሁለተኛው ያልተጠራ ሒሳብ ነው። ጆን ክላርክ የተባለ የላሪመር አውራጃ ኮሚሽነር በ1990ዎቹ ለአዲስ ገቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ «የምዕራቡ ሕግ» ይሉታል፤ በኋላ ብዙ አውራጃዎች ኮርጀውታል። መንፈሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ በበጋ በመኪናህ መድረስህ አምቡላንሱም በክረምት ይደርሳል ማለት አይደለም። አውራጃው የማይጠግነው መንገድ አለ፤ በረዶ የማይጠርግበት አለ፤ መሐሉ ላይ የሌላ ሰው መሬት ስላለ በሕግ ማለፍ የማትችልበትም አለ። በሌላ ሰው መሬት የማለፍን መብት እዚህ ኢዝመንት ይሉታል፤ የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ የንብረት አገልግሎት የሚለው ነው። ከሽያጩ ውል ጋር ካልተያያዘ፣ ሻጩ «ሁሉም ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው» ማለቱ ዋጋ የለውም።

እሳቱ ከመንገዱ አይለይም። በ2012 ዋልዶ ካንየን፣ በ2013 ብላክ ፎረስት፣ በ2021 የመጨረሻ ቀናት ማርሻል፤ የመጨረሻው ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶችን በላ፣ ያውም ተራራ ላይ ሳይሆን ከከተማ ዳር። ከዚያ ወዲህ የኢንሹራንስ ኩባንያ የሚጠይቀው የእሳት አደጋ ጣቢያው ርቀት፣ የመንገዱ ስፋት፣ መኪናው የሚዞርበት ቦታ ነው። ክፍለ ግዛቱ በገበያ ኢንሹራንስ ላጡ ሰዎች የመጨረሻ መጠጊያ የሚሆን ዕቅድ በ2023 በሕግ ያቋቋመው ወድዶ አይደለም። ኢንሹራንስ ከሌለ የባንክ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ እቁብ ነው፤ በእቁብ ደግሞ ተራራ ላይ ቤት የሠራ እስካሁን አላየሁም።

ከመሬት በታች ያለውስ? በ1916 የወጣው የከብት እርባታ የሰፈራ ሕግ እስከ 640 ኤከር ሲሰጥ ማዕድኑን ለፌዴራል መንግሥት አስቀርቷል። ስለዚህ ብዙ የምዕራብ መሬት ላይ ሣሩ የባለቤቱ፣ ድንጋዩ የመንግሥት ነው። መሬት የመንግሥት ከሆነበት አገር ሸሽቶ ለመጣ ሰው ይህ ትንሽ ቀልድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይስማማበት ነጥቤ ልምጣ። የእኛ ሰው ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ሲባል ይንገሸገሻል፤ ምክንያትም አለው። ሣርህ ረዘመ፣ አጥርህ ቀለሙ ተለወጠ እያሉ ደብዳቤ ይልካሉ፤ መዋጮ ካልከፈልክ ቤትህን እስከ ሐራጅ ሊያደርሱት ይችላሉ። የኮሎራዶ ምክር ቤት በ2022 በቅጣት ብቻ ቤት እንዳይሸጥ የከለከለው ችግሩ ስለከፋ ነው። ወዳጄም የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የወደደው «ማኅበር የለም፣ መዋጮ የለም» ስለሚል ነበር። እኔ ግን ተራራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል እላለሁ። ከተማ ውስጥ መንገዱን ማዘጋጃ ቤቱ ይጠርገዋል፤ ለማኅበሩ የሚተርፈው ሥራ አጥር መለካት ነው። ተራራ ላይ ማኅበሩ ራሱ ማዘጋጃ ቤት ነው። ማኅበር የሌለው ቦታ ነፃነት የሚባለው እስከ መጀመሪያው የኅዳር በረዶ ነው።

ይህን የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ አለ። ማልኮም ፎርብስ በ1969 ሳን ልዊስ ሸለቆ ዳር ያለውን ግዙፍ የትሪንቼራ ራንች ገዝቶ ከፊሉን በአምስት አምስት ኤከር ሸንሽኖ ሸጠ። በዚያው ሸለቆ ሜዳ ላይ ሌሎች ሻጮችም እንዲሁ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁራሾችን በማስታወቂያ ሸጠዋል። ቴድ ኮኖቨር በ2022 ባሳተመው «ቺፕ ላንድ ኮሎራዶ» መጽሐፍ የዚያን ሜዳ ኑሮ ከውስጡ ኖሮ ጽፎታል፦ ያለ መብራት መስመር፣ ውሃ በመኪና እየተጋዘ። ብዙዎቹ ቁራሾች ከ50 ዓመት በኋላም ባዶ ናቸው። ከዚያ ሜዳ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ የሳን ልዊስ ሰዎች አሉ፤ አያቶቻቸው በተራራው ላይ የግጦሽና የማገዶ መብት ነበራቸው። በ1960 አንድ የእንጨት ነጋዴ ተራራውን ገዝቶ ዘጋባቸው። እነሱ ከአርባ ዓመት በላይ ተሟገቱና በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለግጦሽ፣ ለማገዶና ለግንባታ እንጨት የመግባት መብታቸውን መለሰላቸው። ጓሳ የሚባለውን የጋራ መሬቱን በአንድነት እየዘጋና እየከፈተ የኖረ የመንዝ ሰው ይህን ፍርድ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ተራራው በገዢው ስም ነው፤ ሕይወት ያለው ግን በጋራ ውል የኖሩት ዘንድ ነው።

ሁለተኛውን፣ ማኅበር ያለበትን ቦታ ያየነው በመስከረም ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው በስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ ስፋቱ እኩል አምስት ኤከር። ሻጯ የማኅበሩ ስብሰባ አለ ኑ አሉን። በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሠላሳ የሚሆን ሰው በታጣፊ ወንበር ተቀምጧል፤ ቡና በትልቅ ፔርሙስ፣ ብስኩት በካርቶን። ለአንድ ሰዓት ተኩል ስለ በረዶ ጠረጋ ተከራከሩ። ላይኛው ሰፈር ቀድሞ ይጠረግ ወይስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ያለበት? መዋጮ ያልከፈሉት ስማቸው ይነበብ ወይስ አይነበብ? አንዲት አሮጊት በደብተር ሒሳብ ይዘው «ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሰዎች» ሲሉ አንድ ሰውዬ ኮፍያውን ወደ ታች ሳበ። ወዳጄ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «እድር ነው እኮ» አለኝ። ዋናው መመሳሰል ይኼ ነው፤ ልዩነቱም አለ። ከእድር መውጣት ብትፈልግ ትወጣለህ፤ ይህ ግን ከመሬቱ ጋር ስለሚሄድ መሬቱን እስክትሸጥ አይለቅህም።

የማኅበሩ ደንብ ሌላም ነገር አለው። የጎረቤት ራንች ከብቶች በበጋ በሁሉም ቁራሽ ላይ ይግጣሉ፤ አባላት መከልከል አይችሉም። ወዳጄ መጀመሪያ ተቆጣ። አገራችን እረኛው ነው የሚጠየቀው፤ ኮሎራዶ ግን ከብት ልቅ የሚሄድበት አገር ስለሆነ የሚያጥረው ከብት የማይፈልገው ነው። ሒሳቡ ሲነገረው ግን ፈገግ አለ፦ ግጦሹ መሬቱን የእርሻ መሬት ያሰኘዋል፣ ባዶ የከተሜ ቁራሽ የሚጣልበትን ከባድ የንብረት ግብርም ያቀልለታል። ላሟ ግብሩን ትከፍልለታለች ማለት ነው።

ገዛው። የጉድጓድ ፈቃዱ «ለቤት ውስጥ ብቻ» ነው፤ የፋሲካውን በግ ከጎረቤት ይገዛል። የአፈሩ የውሃ መስረግ ምርመራ ለሴፕቲኩ አልፏል፤ የቤቱ ፕላን ግን ገና መሐንዲሱ ጋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ፤ ከመንገዱ ሥር የሚቀበር ቱቦ ስንት ኢንች ቢሆን በረዶው ሲቀልጥ የሚመጣውን ጎርፍ ይችላል ብሎ ነው። ለምን ፈለግከው አልኩት። አሮጊቷ በደብተራቸው ላይ ስሙን ጽፈውታል፤ ቤት ሳይኖረው የመንገድ ኮሚቴ ሆኗል።