ሻካራ ቤዝ በየትኛው ፔዳል?

ድምፅ የሚያሻክር ዲስቶርሽን ፔዳል ሊገዛ የተነሣ ቤዝ ተጫዋች ምክር ከጠየቀ፣ እርስ በርሱ የሚጣላ መልስ ይዞ መመለሱ አይቀርም። አንዱ «ለቤዝ ተብሎ ካልተሠራ ገንዘብህን አታባክን» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ድምፁን ከወደድከው የጊታሩን ውሰድ፣ የቀረው የሻጭ ወሬ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ከልምድ የሚናገሩ ስለሆኑ አንዳቸውን ቸኩሎ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ወገን መከራከሪያ ከድምፅ ተፈጥሮ ይነሣል። የባለ አራት ክር ቤዝ ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ ገደማ ሲሆን የጊታሩ ግን እጥፉ፣ ወደ 82 ነው። የጊታር ፔዳል የሚነድፍ ሰው ድምፁ እንዳይደፈርስበት ወፍራሙን ክፍል ሆን ብሎ ከማሻከሩ ያርቀዋል። ለምሳሌ በአይባኔዙ ቲዩብ ስክሪመር ውስጥ፣ ሞገዱ የሚቆረጥበት ክፍል ከ720 ኸርዝ ገደማ በታች ላለው ድምፅ የሚሰጠው ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል። ለጊታር ይህ ብልሃት ነው። ቤዝ ሲገባበት ግን ብዙውን ጊዜ ፔዳሉ በተረገጠ ቅጽበት ከባንዱ ሥር ወለሉ የተነሣ ያህል ይሰማል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ብሌንድ የሚባለው ማዞሪያ ነው፤ ንጹሑን የቤዝ ድምፅ ሳይነካ አሳልፎ ከሻካራው ጋር ይቀላቅለዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጡት የቦስ ኦዲቢ-3 እና የቴክ 21 ሳንዛምፕ ቤዝ ድራይቨር ይህን ይዘው መጡ። ኋላም የፊንላንዱ ዳርክግላስ በዚሁ መንገድ ገፍቶ ስም አወጣ።

ሆኖም ብሌንድ የራሱ ዕዳ አለው። ሻካራው ድምፅ የታመቀ ስለሆነ ጣት ቢበረታም ቢላላም ከፍታው ብዙ አይለወጥም፤ ንጹሑ ግን ከጣት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሲሰፋ አንድ ቤዝ ሳይሆን ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ከዚህ የባሰም አለ፤ የአንዱ ሞገድ ተገልብጦ ከወጣ ሁለቱ ሲገናኙ ይሰራረዛሉ፣ መጀመሪያ የሚጠፋውም ሊድን የታሰበው ወፍራም ድምፅ ይሆናል። በደንብ የተሠራ ፔዳል ይህን አስቀድሞ ያስተካክላል። የተለያዩ ዕቃዎችን ራሱ የሚያገናኝ ተጫዋች ግን ማጣራት አለበት።

ሁለተኛው ወገን ታሪክን ይጠራል፤ ታሪኩም በእርግጥ ያግዘዋል። በ1961 ዝና ያተረፈው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ውስጥ ሲቀረጽ፣ በተበላሸ የሚክሰር መስመር በኩል አልፎ ፈዝ የተባለውን እንግዳ ሻካራ ድምፅ ያወጣው ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው ባለ ስድስት ክር ቤዝ ነበር። የድምፅ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ወደ ሰርኪት ለወጠው፣ በ1962ም ማይስትሮ ፈዝ-ቶን ሆኖ ለገበያ ቀረበ። «ይህ የጊታር፣ ያ የቤዝ» የሚለው አጥር እንግዲህ ያን ያህል የቆየ አይደለም። የሜታሊካው ክሊፍ በርተንም፣ የሚዩዙ ክሪስ ዎልስተንሆልምም ቢግ መፍ የተባለውን የጊታር ፔዳል ረግጠው ነው ያን ግዙፍ ድምፅ ያወጡት።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ዎልስተንሆልም ንጹሑን ድምፅ ለብቻ፣ ሻካራውን ለብቻ በተለያየ አምፕ እንደሚያወጣ ይታወቃል፤ ማለትም ፔዳሉ ላይ የሌለውን ብሌንድ በሌላ መንገድ ያገኘዋል። ቢግ መፍ በባሕርይው 1,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መካከለኛ ድምፅ ያጎድላል። ቤት ውስጥ ለብቻ ሲጫወቱት ግድግዳ ያነቃንቃል፤ ድራምና ጊታር ሲገቡ ግን ቤዙን መፈለግ ይጀመራል። ይህን ያየ ሰው ፔዳሉን ሳይሆን ድምፅ አስተካካዩን ይወቅሳል፣ አንዳንዴም ያለ ጥፋቱ።

ፔዳል ከናካቴው አያስፈልግም የሚሉም አሉ፤ ምስክራቸው በሪከንባከር ቤዝና በማርሻል አምፕ ብቻ ያን ጩኸት ያወጣው የሞተርሄዱ ሌሚ ነው። እውነት ነው፣ ግን ያን ያህል መጮህን የሚፈቅድ መድረክ ስንት ይገኛል?

የኛ ተጫዋቾች ሁኔታም ለብቻው መታየት አለበት። የቤዝ አምፕ በሌለበት፣ መስመሩ በቀጥታ ወደ ሚክሰር በሚገባበት ፕሮግራም ላይ፣ የስፒከርን ባሕርይ የማይመስል ዲስቶርሽን የዝንብ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ሳንዛምፕን የመሰለ፣ የአምፕና የስፒከርን ድምፅ አስመስሎ የራሱን መስመር ለሚክሰር የሚያወጣ ፔዳል ግልጽ ብልጫ አለው። በችክችካ ምት ላይ ደግሞ የቤዙ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መሰማት ስላለበት፣ ብዙ ማሻከር የሚጠቅመው ያነሰ፣ የሚያደበዝዘው የበዛ ይመስለኛል። የጃኖ ባንድን ዓይነት ሮክ ለሚጫወት ሰው ሚዛኑ በሌላ አቅጣጫ ሊያጋድል ይችላል።

እኔ፣ አንድ ፔዳል ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው፣ ብሌንድ ወዳለው አዘነብላለሁ፤ ሊሳሳት የሚችለው በጥቂቱ ነውና። የጊታር ፔዳል ያለውና ድምፁን የሚወድ ግን መሸጥ የለበትም። ንጹሑን ድምፅ የሚቀላቅል ትንሽ ዕቃ ለብቻው ስለሚገኝ እሱን ይጨምርበት። እንደ ሮያል ብለዱ ማይክ ከር ጊታሪስት በሌለበት ባንድ ቤዙ የጊታሩንም ቦታ የሚሸፍን ከሆነ፣ የሁለተኛው ወገን ምክር ሚዛን እንደሚደፋ እቀበላለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ቤዝ ይዘው፣ ቢያንስ ከአንድ ድራመር ጋር ሆነው ይሞክሩት።