ወፍራሙ ይሻላል ያልነው እኛ ነን

ባለፈው ዓመት ከናይሮቢ፣ ከኢስሊ ካመጣነው ዕቃ ሁሉ ቶሎ ያለቀልን የዮጋ ምንጣፍ ነበር። ሞያሌ ላይ ደግሞ ዮጋ! ብሎ የሚስቅ ይኖራል፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ የምትሰፍር፣ ቦንዳ ከመኪና የምታወርድ፣ ከዚህ እስከ ናይሮቢ ያለውን 780 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ውስጥ ታጥፋ የምታነጋ ሴት ወገቧ ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ኪኒን ይሰጠንና "ሰውነታችሁን አፍታቱ" እንባላለን። ልጆች ስልክ ላይ ቪዲዮ ይከፍቱልናል። ቪዲዮው ውስጥ ያለችው ሴት ባለቀለም ምንጣፍ ላይ ናት፤ ስለዚህ ምንጣፍ ፍለጋ ይጀመራል።

የእኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ምንጣፏን የምትገዛ ሰው የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የቱ ይሻላል?" እኛም ወፍራሙን በአውራ ጣታችን ጫን እያደረግን "ይሄ ነዋ! ፍራሽ በሉት" አልን። 15 ሚሊሜትር፣ ለስላሳ፣ ሮዝና ሰማያዊ። የዋሸን አልመሰለንም። ለታመመ ወገብ ለስላሳ ነገር እንዴት አይስማማም?

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቦሎቄ የሚነግዱ አንዲት እናት ጥቅልሉን በነጠላ አስረው ይዘውት መጡ። "አንቺ ልጅ፣ ወፍራሙ ይሻላል ብለሽኝ አልነበር? ስቆምበት እንደ ጭቃ ያሰምጠኛል። በእጄ ስደገፍ ይንሸራተታል። ትናንት በአንድ እግሬ ልቁም ብዬ ግድግዳው ባይኖር ተሰብሬ ነበር!" ገንዘባቸውን መለስን። ያን ማታ ሱቁን ዘግተን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ባሉን ምንጣፎች ሁሉ ላይ በየተራ ቆምንባቸው። ይህን ማድረግ የነበረብን ከመሸጣችን በፊት ነበር።

እኚያ እናት ልክ ነበሩ። እንዲህ ያሉት ወፋፍራም ምንጣፎች አብዛኞቹ መለያቸው ላይ "ኤንቢአር" የሚል አለባቸው፤ አየር የበዛበት ስፖንጅ መሰል ጎማ ነው። በጀርባ ለመተኛት ደስ ይላል። ሲቆሙበት ግን እግር መሬቱን አያገኝም፤ ሚዛን ለመጠበቅ ቁርጭምጭሚት ይንቀጠቀጣል። በእጅ ሲደገፉ የመዳፍ ተረከዝ ይሰምጥና አንጓ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል። የጀማሪ እንቅስቃሴ ደግሞ ግማሹ መቆም፣ ግማሹ በእጅና በጉልበት መንበርከክ ነው። ወፍራሙ የሚጠቅመው ጉልበትን ነው፤ ለጉልበት ሲባል ግን ሙሉ ምንጣፍ ማወፈር አያስፈልግም። ፎጣ አጥፎ ከጉልበት ሥር ማድረግ ይበቃል።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ቆዩ። ቤታችሁ ሲሚንቶ ከሆነ ወደ 6 ጠጋ በሉ። ስጋጃ የተነጠፈበት ክፍል ከሆነ 4 ይበቃል፤ ስጋጃው ራሱ ለስላሳ ነው፣ በላዩ ወፍራም ሲደረብ ይሸበሸባል። ባለ 3 ሚሊሜትሩ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ለመያዝ ይመቻል፣ ሲሚንቶ ላይ ግን ጉልበት ያሳምማል።

ስለ ዓይነቱ ብዙ አንጨነቅ። "ፒቪሲ" የሚባለው ፕላስቲክ ከበድ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ አዲስ ሲሆን ላዩ ሊያንሸራትት ይችላል፣ ሲሠሩበት ይለምዳል። "ቲፒኢ" ቀለል ያለና ሽታው ያነሰ ነው፤ ለጀማሪ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። የተፈጥሮ ጎማው እጅ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ግን ውድ ነው፣ ከባድም ነው፤ የጎማ ጓንት ሰውነቷን የሚያሳክካት ሰው ባትነካው ይሻላል።

የሞያሌ ነገር ደግሞ አለ። ፀሐዩ ቲፒኢውንም ጎማውንም ያደርቃቸዋል፣ ይሰነጥቃቸዋል፤ አጥባችሁ ጣራ ላይ አታስጡ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። አቧራውን ታውቁታላችሁ። ውኃም በጀሪካን የሚገዛ ነውና ምንጣፍ የምንነክርበት የለንም። ስለዚህ ላዩ የተዘጋ፣ ውኃ የማይመጥ ምንጣፍ ምረጡ፤ በእርጥብ ጨርቅና በጠብታ ሳሙና ይጸዳል። ላዩ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው ላብም አቧራም ይጠጣል።

ሱቅ ስትገቡ ጥቅልሉን በዓይን ዓይታችሁ አትክፈሉ፤ አስዘርጉት። ጫማ አውልቃችሁ በአንድ እግር ቁሙ። መዳፋችሁን ጥላችሁ ወደ ፊት ግፉ፤ እጃችሁ ከሄደ ተዉት። በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ጥቂት ወር ቆይቶ የጉልበታችሁ ቅርጽ ይቀርበታል። ተጋደሙበትም፣ አትፈሩ። የተለመደው ርዝመት 173 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረጃጅሞቻችሁ 183ቱን ጠይቁ።

ዋጋውን በተመለከተ ኮሜርስ የተማርነው ሒሳብ ይረዳናል። በ1,000 ሺሊንግ ተገዝቶ በአምስት ወር የሚጣል ምንጣፍ በወር 200 ሺሊንግ በላ ማለት ነው። በ1,800 ተገዝቶ ሦስት ዓመት የሚያገለግለው በወር 50 ነው። ምርጡ ግን፣ ነጋዴ ሆነን ይህን ማለታችን ቢያስገርምም፣ ወዲያው አለመግዛት ነው። ሁለት ሳምንት ቤት ባለው ጀምሩ። በጀርባ ተኝቶ ለሚሠራው ሰሌን ላይ የተነጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ለመቆም ባዶ እግርና ደረቅ ሲሚንቶ ይበቃል። (የመስገጃ ምንጣፍ ለመስገጃ ነው፤ እሱን ተዉት።) ሁለት ሳምንት ከዘለቃችሁ ያኔ ኑ። የዮጋ ምንጣፍ ራሱ እንዲህ ባለ ዘዴ የመጣ ነገር ነው፦ አንጀላ ፋርመር የምትባል አስተማሪ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ጀርመን ስታስተምር፣ እግሯ እንዳይንሸራተት ከስጋጃ ሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ቆርጣ ትጠቀምበት ጀመር። ሌሎቹም ካዩ በኋላ ተፈላጊ ሆነ። ከዚያ በፊት ሕንዶች በቁርበት፣ በሣርና በጥጥ ምንጣፍ ላይ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ቁርበቱን እኛም እናውቀዋለን።

ነገሩ የስልክ ወሬ ነው የምትሉ፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው መካከል ዮጋ አንዱ ነው። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድባችሁ፣ እግራችሁ የሚደነዝዝ፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን ምንጣፍ ሳትገዙ ሐኪም ጠይቁ። ስሙ ከእምነታችን አይስማማም የምትሉም አላችሁ፤ እኛ ዘንድ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም "ስፖርት" ብላ ወገቧን ታፍታታለች፣ ማንም አልጠየቃትም።

አሁን ለሻጮቹ፣ ለራሳችን ማለት ነው። አንዷ ባልደረባችን "ደንበኛ ወፍራሙን ከወደደች ወፍራሙን ስጫት፣ ምን ቸገረሽ?" አለችን። ወፍራሙ ለእኛም አይመችም፤ ቀላል ሆኖ ሳለ ቦታ ስለሚይዝ አውቶቡሱ ጭነቱን በኪሎ ሳይሆን በስፋቱ ያስከፍላል። ከዚያ በላይ ግን ሞያሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዛሬ ያሳሳትናት ደንበኛ ነገ ለቅሶ ቤት አጠገባችን ትቀመጣለች። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፈትተን መሬት ላይ እንዘርጋ፤ በአንድ ሸቀጥ ብንከስር ነው። ሂጃብና ረጅም ቀሚስ የለበሱ እህቶች በሰው ፊት ሊሞክሩት ያፍራሉና ጓዳ ውስጥ መጋረጃ እንስቀል። ውፍረቱንም በሚሊሜትር እየነገርን እንሽጥ። "ጥሩ ነው" ማለት መረጃ አይደለም።

የተረፉንን ወፋፍራሞች ለማንም አልሸጥንም። እያንዳንዱን አራት ቦታ ቆርጠን ለጉልበት ማሳረፊያ በርካሽ ሰጠን፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ አለቀ። እኚያ እናት አንዱን ወሰዱ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ስናልፍ አየናቸው፤ በርጩማቸው ላይ አንጥፈውት፣ ተመቻችተው ቦሎቄ ይሰፍራሉ።